ሣጥን ሙሉ ልብስ፣ ደብተር ሙሉ ሐሳብ

“ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ” ይላሉ አበው። ውድ አንባብያን፣ በዛሬው አምዳችን የምናቀርብላችሁ የነበሩት ራሳቸው ከጻፉት የተገኘውን ነው። ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ የባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ሲዘዋወሩ፣ ማታ ማታ ያዩትንና ያሰቡትን የሚያሰፍሩበት የዕለት ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው። ከእነዚህ ደብተሮች አንዳንዶቹ ታትመዋል፤ ሌሎቹም በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠው ይገኛሉ።

“የሀብታም ልጆች ሽርሽር ለእኛ ምን ይፈይድልናል? እኛ ስለ ወር አስቤዛና ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ስናስብ ነው የምናመሸው” የምትሉ እንደምትኖሩ እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም እንዲህ ነው፦ እነዚህ ልጃገረዶች በገንዘብ የሚገዛውን ነገር ሁሉ አግኝተው ነበር። ስለዚህም በገንዘብ የማይገዛው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ከእነርሱ ደብተር የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። እስቲ የሦስቱን ታሪክ በየተራ እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ጉዞው እንዴት ያለ ነበር?

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የባቡር ሐዲድ በአውሮፓ ምድር እየተዘረጋ፣ በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀስ መርከብም ባሕሩን እያሳጠረ ሄደ። ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ በሳምንታት፣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውም በቀናት ማለቅ ጀመረ። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ በ1841 በአንድ አጭር የባቡር ጉዞ የጀመረው መንገደኞችን የማስጎብኘት ሥራ በ1869 እስከ ግብፅ ደረሰ። የስዌዝ ቦይ ተመርቆ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነበር።

ሀብት ያላቸው ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስዊዘርላንድ ይዘው መሄዳቸው እንደ ትምህርት ይቆጠር ነበር። ወንድሟ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለሥራ ሲዘጋጅ፣ ለእርሷ የዩኒቨርሲቲው በር በአብዛኛው የዚያ መቶ ዓመት ክፍል ዝግ ነበር። ስለዚህ ጥቂት የውጭ አገር ቋንቋ፣ ጥቂት ሙዚቃና ጥቂት ሥዕል ከቀሰመች በኋላ የሚጠበቅባት ትዳር መያዝ ብቻ ነበር።

ልብሱ በትላልቅ ሣጥን ተጭኖ ይሄዳል፤ አገልጋይ ትከተላለች፤ ማረፊያውም ጥሩ ሆቴል ነው። ይሁን እንጂ ያላገባች ልጅ ብቻዋን ወደ መንገድ መውጣት አይፈቀድላትም። እናቷ ወይም አክስቷ፣ እነርሱ ባይኖሩ በዕድሜ የገፋች ሌላ ሴት አብራት መሄድ አለባት። የዕለት ማስታወሻ መያዝ ግን እንደ ጨዋ ልጅ አስተዳደግ ስለሚታይ ማንም አይከለክላትም። እንግዲህ በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ ከቁም ነገር የገባ ሐሳብ የምናገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እግር እንዳይሄድ ቢታገድም እጅ እንዳይጽፍ አልታገደም።

በአባይ ወንዝ ላይ

ፍሎረንስ ናይቲንጌልን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በነርስነት ሙያ ላይ ያላችሁ አንባብያንማ ታሪኳን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስትሰሙት ኖራችኋል። መብራት ይዛ በሌሊት በቁስለኞች መካከል የምታልፈው ሴት ሥዕል በብዙ ቦታ ይታያል። ነገር ግን ይህቺው ሴት ሠላሳ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ሥራ የሚባል ነገር ያልተፈቀደላት የባለጸጋ ልጅ እንደነበረች ብዙ ጊዜ አይነገርም።

የተወለደችው ወላጆቿ በጣሊያን አገር ሲዘዋወሩ በ1820 በፍሎረንስ ከተማ ነው፤ ስሟም የከተማዋ ስም ነው። ታላቅ እኅቷ በኔፕልስ በመወለዷ በከተማዋ ጥንታዊ የግሪክ ስም ፓርተኖፒ ተብላለች። አባትየው ሁለቱን ልጆቻቸውን ራሳቸው ላቲንና ግሪክ፣ ታሪክና ፍልስፍና አስተማሯቸው። ይሁንና ፍሎረንስ በ1845 ሆስፒታል ገብታ ሕሙማንን ማስታመም ለመማር ብትጠይቅ ቤተሰቡ በአንድ ቃል እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ሆስፒታል ቆሻሻ የሞላበት ቦታ፣ አስታማሚነትም የጨዋ ልጅ የማትጠጋው ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር።

በ1849 መጨረሻ የቤተሰቡ ወዳጆች የሆኑ ባልና ሚስት ይዘዋት ወደ ግብፅ ሄዱ። ከካይሮ ተነሥተው ከእኛም ደጋ የሚወርደውን የአባይን ውሃ ሽቅብ በጀልባ እየቀዘፉ እስከ አቡ ሲምበል ታላላቅ ሐውልቶች ዘለቁ። ፍሎረንስ በዚህ ጉዞ ላይ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ትጽፍ ነበር። አንደኛው ለቤተሰቧ የምትልከው ረጅም ደብዳቤ ነው፤ በዚህ ውስጥ መቃብሩን፣ ቤተ መቅደሱን፣ የፀሐይዋን አወጣጥ እያሰማመረች ትተርካለች። እኅቷም በ1854 ደብዳቤዎቹን አሰባስባ ለወዳጅ ዘመድ የሚሆን መጽሐፍ አድርጋ አሳተመቻቸው።

ሁለተኛው በትንሽ ደብተር የሰፈረው የግል ማስታወሻዋ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ፍሎረንስ እናገኛለን። ቀኑን ሙሉ በምኞትና በሕልም ማሳለፏን እየኮነነች፣ ምን ልሥራ እያለች ፈጣሪዋን የምትጠይቅ፣ ከራሷ ጋር የምትሟገት ሴት ናት። ግንቦት 1850 ግሪክ አገር ሳለች ሠላሳ ዓመት ሞላት። በዚያን ቀን፣ ክርስቶስ ማስተማር በጀመረበት ዕድሜ ላይ መድረሷን አስታውሳ፣ የልጅነት ነገርም የጋብቻም ሐሳብ ከእንግዲህ ይብቃኝ የሚል ቃል ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በደብተር ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው ክረምት ወደ አገሯ ስትመለስ በጀርመን ካይዘርስቬርት በሚባል ስፍራ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ሴቶች የሚሠለጥኑበትን ድርጅት ለሁለት ሳምንት ያህል ተቀምጣ አየች። በ1851 ተመልሳ ሦስት ወር ተማረች። በ1853 ለንደን ውስጥ አንድ የሴቶች ሕክምና ቤት ኃላፊ ሆነች። በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ሠላሳ ስምንት ሴቶችን አስከትላ ወደ ስኩታሪ ዘመተች። በ1860ም በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ቤተሰቡ ያነበበው ደስተኛዋን መንገደኛ ነው። ሥራ የተጠማችው ሴት የነበረችው በዚያች ትንሽ ደብተር ውስጥ ነው። ስንቱ ቤት ነው “ልጃችን ምን ጎደለባት? ትበላለች፣ ትለብሳለች” እያለ ሁለተኛዋን ልጅ ሳያውቃት የሚቀረው?

የቺካጎዋ ልጅ

ሁለተኛዋ ጁሊያ ኒውቤሪ በ1853 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተወለደች። አባቷ ዋልተር ኒውቤሪ በመሬት፣ በባንክና በባቡር ሐዲድ ሥራ የከበሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው በ1868 ወደ ፈረንሳይ በመጓዝ ላይ ሳሉ በመርከብ ውስጥ ዐረፉ። ልጅቱ ማስታወሻዋን የጀመረችው በሚቀጥለው ዓመት፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ጁሊያ ቀልደኛና ነገር አዋቂ ነበረች። የግብዣውን ሁኔታ፣ የሰዎችን አለባበስና አነጋገር እያዋዛች ትጽፋለች። ከእናቷና ከእኅቷ ጋር በአውሮፓ ከተሞች ከሆቴል ሆቴል ስትዘዋወር ኖራለች። ብዙ ሰው የሚመኘውን ዓለም ሁሉ አይታለች ማለት ይቻላል። የሚያስደንቀው ግን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ቦታ የተወለደችበት የቺካጎው ቤታቸው መሆኑ ነው። ሁልጊዜ ብኖርበት ብላ የጻፈችው ስለዚያ ቤት ነው። ነገር ግን የት እንደሚኖር የምትወስነው እርሷ አልነበረችም።

ጥቅምት 1871 ቺካጎ በእሳት ጋየች። ወደ ሦስት መቶ ሰው ሞተ፤ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። የኒውቤሪ ቤትም ከነዕቃው ዐመድ ሆነ። ወሬው ለጁሊያ የደረሳት አውሮፓ ሳለች ነበር። ማስታወሻዋም በዚያው ዓመት ያበቃል። እኅቷ ሜሪ በ1874 ሞተች፤ ጁሊያም በ1876 በሮም ከተማ በሃያ ሁለት ዓመቷ ዐረፈች። እናትየው ሁለቱን ልጆቻቸውን ቀብረው እስከ 1885 ኖሩ።

አባትየው በኑዛዜያቸው፣ ልጆቻቸው ወራሽ ሳይተኩ ቢሞቱ ከሀብታቸው ግማሹ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ እንዲውል አዝዘው ነበር። በዚህም መሠረት ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ገንዘብ በ1887 የኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ዛሬም ቺካጎ ውስጥ ለአንባቢ ክፍት ነው። የልጅቱ ማስታወሻ ደግሞ በ1933 ታተመ። የአባቷ ስም የቆየው በትልቅ ሕንጻ ነው። የጁሊያን ሣቅና ናፍቆት ለእኛ ያደረሰው ግን ያ ደብተር ብቻ ነው። ቤቱም፣ ዕቃውም፣ ልብሱም አልቆ የቀረው በእጇ የጻፈችው ነው።

ብቻዋን መውጣት የተመኘችው

ሦስተኛዋ ማሪ ባሽኪርትሴፍ ናት። በ1858 ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር በፖልታቫ አቅራቢያ ከመኳንንት ወገን ተወለደች። አባትና እናቷ ስለተለያዩ እናቷ በ1870 ይዘዋት ከአገር ወጡ፤ በፈረንሳይ ኒስ ከተማም ተቀመጡ። ማሪ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ልትሞት ጥቂት ቀናት እስኪቀሯት ድረስ በፈረንሳይኛ ማስታወሻ ጻፈች። የሞላቻቸው ደብተሮች ከመቶ በላይ ናቸው።

አስቀድማ ዘፋኝ ለመሆን ትመኝ ነበር፤ ሕመም ድምፅዋን ስለነጠቃት ፊቷን ወደ ሥዕል መለሰች። በፈረንሳይ ታላቁ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ነው። ስለዚህ በ1877 ሴቶችን ወደሚቀበለው ወደ ግል ትምህርት ቤቱ አካዴሚ ጁሊያን ገባች።

በ1879 መግቢያ የጻፈችው ማስታወሻ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የተመኘችው ጌጥ ወይም ቤተ መንግሥት አልነበረም። ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን መመለስ፣ በመናፈሻ ወንበር ላይ ዐረፍ ማለት፣ ሱቅ ፊት ቆም ብሎ ማየት፣ ሙዚየም መግባት፣ በምሽት በአሮጌዎቹ መንገዶች መዘዋወር ነበር ምኞቷ። አንድ ሥዕል ለማየት ስትፈልግ ሠረገላው እስኪመጣ፣ አጃቢዋ እስክትዘጋጅ፣ ቤተሰቡ እስኪሰናዳ መጠበቅ ነበረባት። እንዲህ ያለ ነፃነት የሌላት ሴት እውነተኛ ሠዓሊ ልትሆን አትችልም የሚል ነበር ድምዳሜዋ።

እኛ በዘመናችን ልጃችንን “እስቲ ከሱቅ ዘይት ግዢ” ብለን እንልካታለን። ያቺ የመኳንንት ልጅ የተመኘችው ይህንኑ በራስ እግር ወጥቶ የመመለስ መብት ነበር።

ማሪ ግን በምኞት ብቻ አልተወሰነችም። በ1881 የብዕር ስም ይዛ ለሴቶች የምርጫ መብት በሚታገል ጋዜጣ ላይ ጻፈች። የድሀ ሰፈር ልጆች ከአጥር ሥር ተሰብስበው ሲመካከሩ የሚያሳየው ሥዕሏ በ1884 በፓሪስ ለሕዝብ ቀረበ፤ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሳንባ ነቀርሳ ዐረፈች። ሃያ ስድስተኛ ዓመቷን ለመድፈን ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር።

ማስታወሻዋ በ1887 ታተመ። ነገር ግን ቤተሰቡን ያሳፍራል የተባለው ተቆርጦ፣ ዕድሜዋም ከእውነተኛው ዝቅ ተደርጎ ነበር የወጣው። ሙሉውን ጽሑፍ አንባቢ ያገኘው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ደብተሮች ተመርምረው ከታተሙ ወዲህ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እናትየውን በዚህ ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ደብተሮቹን ሳያቃጥሉ ያቆዩአቸውም እሳቸው ናቸውና። ዳሩ ግን የእናት ፍቅር አንዳንድ ጊዜ የልጅን ቃል እስከ መቁረጥ እንደሚደርስ ከዚህ እንረዳለን።

ያልተጻፈው ደብተር

እስካሁን የጻፉትን አነሣን። ስላልጻፉትስ? ያንን ሁሉ ሣጥን ያሰናዳችው፣ ልብሱን ያጠበችውና የተኮሰችው፣ እመቤቲቱ ስትጽፍ ሻማውን ያበራችው አገልጋይ በየጉዞው ነበረች። ያንኑ ባሕር ተሻግራለች፤ ያንኑ ከተማ አይታለች። ነፋስ በጠፋ ጊዜ የአባይን ጀልባ በገመድ እየጎተቱ ሽቅብ የወሰዱት መርከበኞችም ነበሩ። የእነርሱን ማስታወሻ ግን አናገኝም። ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ ሴት በየትኛው ሰዓት ትጽፋለች?

አንድ ለየት ያለ ምሳሌ አለ። ሐና ከልዊክ የምትባል እንግሊዛዊት የቤት ሠራተኛ ከ1854 እስከ 1873 ድረስ የዕለት ማስታወሻ ትይዝ ነበር። ስንት ጫማ እንደጠረገች፣ ስንት ደረጃ በጉልበቷ ተንበርክካ እንዳጠበች፣ ምድጃውን መቼ እንዳጸዳች ጽፋለች። እንድትጽፍ የጠየቃት በኋላ ባሏ የሆነው ሰው ነበር። ደብተሮቿ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም የተመረጠው በ1984 በመጽሐፍ ወጥቷል። ዛሬ የዚያን ዘመን የቤት ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማወቅ የሚፈልጉ ሊቃውንት የሐናን ደብተር ይመረምራሉ። ይህ ሊሆን የቻለው አንድ ሰው “ጻፊ” ስላላት ነው።

ለእኛስ?

ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ ከዚህ ሁሉ ወደየቤታችን ይዘን የምንገባው ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሴት ልጃችሁ ደብተር ይዛ ጥግ ጥግ ስትል ብታዩአት ሳታስፈቅዱ አትክፈቱባት። የከፈተው ሰው ቃሏን ያገኝ ይሆናል፤ እምነቷን ግን ያጣል። ሰሚ ጆሮ ያላት እናት ግን ሳትከፍትም ትሰማለች። ልጅቱ ራሷ ትነግራታለችና።

ሁለተኛ፣ “ማንን ታገቢያለሽ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?” በሏት። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከቤተሰቧ ጋር ዓመታት ታግላለች። ልጆቻችን በዚህ ትግል ጉልበታቸውን እንዲጨርሱ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ በቤታችሁ የምትረዳችሁ ልጅ ካለች፣ እርሷም የምታየውና የምታስበው ነገር አላት። ቤተሰቧንና መንደሯን ትታ እናንተ ቤት ስትገባ እርሷም መንገደኛ ናት። የማታ ትምህርት ሰዓቷ በዕቃ ማጠብ እንዳይሻማባት አስቡበት። ራቷን ቀደም አድርጎ ማቅረብ፣ ወይም ድስቱን ለዚያች ምሽት ራስ ማጠብ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ፊደል የቆጠረች እንደሆነም አንድ ደብተር ግዙላትና “ጻፊ” በሏት።

አራተኛ፣ ራሳችሁም ጻፉ። ጊዜ የለንም እንደምትሉ እናውቃለን፤ ግን አምስት መስመር ለመጻፍ ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ዛሬ በገበያ ጤፍ ስንት ዋለ? ሕፃኑ መቼ ተከተበ? መጀመሪያ ያወጣው ቃል ምን ነበር? በመሥሪያ ቤት ያስከፋችሁ ወይም ያስደሰታችሁ ነገር ምንድን ነው? ይህን ለመጻፍ መርከብ መሳፈር አያስፈልግም። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቤት የምታደርጉት ጉዞ ነገ ልጆቻችሁ ሊያውቁት የሚፈልጉት ታሪክ ነው። ሌላ ሰው አይጽፍላችሁም።

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ተብሏልና፣ ለልጅ የሚተርፍ ቤትና ገንዘብ ያልሞላለት ወላጅ ቢያንስ ይህን ውርስ ሊያስቀር ይችላል።